ሃያ አንደኛው እጥፍ

ልጆቼ፣ ባለፈው ሳምንት አብራችሁን ያልነበራችሁ ካላችሁ ቅር አይበላችሁ። ነገሩ ቢረዝምም ክሩ አንድ ነው፤ ጫፉን ላቀብላችሁና አብረን እንሳበው።

እኔ መጽሐፍ ጠራዥ ነኝ። አርባ ዓመት ሙሉ የመጽሐፍ ጀርባ ስጠግን ኖሬ ሆዱ ውስጥ ያለውን የማውቀው ጥቂቱን ነው። አማርኛውን እንደ ነገሩ አነባለሁ፤ እንግሊዝኛው ግን ለእኔ የጉንዳን ሰልፍ ነው። አብራኝ የምትሠራው የእህቴ ልጅ ናት። ቀጭን ናት፣ ዝምተኛ ናት፣ ስትናገር ደግሞ ትወጋለች፤ ስለዚህ የሚያውቃት ሁሉ "መርፌ" ይላታል። እናቷ ስትታመምባት ትምህርቷን ከአሥረኛ ክፍል አቋርጣ ነው እኔ ዘንድ የገባችው።

የዛሬ ስድስት ወር ገደማ የሰፈራችን ዳኛ ልጅ አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ ልቦለድ በፎጣ ጠቅልሎ መጣ። የሚያስተምረው እንግሊዝኛ ስለሆነ እኛ "መምህሩ" እንለዋለን። መጽሐፉ የሟች እናቱ ነበር። ጀርባው ተሰንጥቆ ገጾቹ ይረግፋሉ። እናቱ በአርባ አምስት ዓመታቸው፣ ያለ አስተማሪ፣ በዚህ አንድ ልቦለድ ብቻ ከባድ ከባዱን እንግሊዝኛ ሊማሩ ተነሥተው ነበር። አንድ የማያውቁት ቃል ባገኙ ቁጥር ፍቺውን በገጹ ዳር በእርሳስ ይጽፋሉ። ጽሑፋቸው ደቃቅ ነው፤ ፍቺው ደግሞ የመዝገበ ቃላት ሳይሆን የኑሮ ፍቺ ነው። "ሪላክታንት" ከሚለው ቃል አጠገብ "እሺ እያሉ እግርን መጎተት፤ ልጄን ትምህርት ቤት የሸኘሁት ቀን እንደሆንኩት" ብለው ጽፈዋል። "ሶሊቲዩድ" ከሚለው አጠገብ ደግሞ "ብቻ መሆን፣ ግን ሳይከፋ" ይላል። መምህሩ ከመጀመሪያዎቹ ገጾች አልፎ ማንበብ አልቻለም፤ መጽሐፉን ይከድነዋል። ብቻ እንዲጠበቅለት ለመነን።

መጽሐፍ ሲጠረዝ፣ ልጆቼ፣ ወረቀቱ በእጥፍ በእጥፍ ተለይቶ አንዱ እጥፍ ከሌላው ጋር በክር ይሰፋል። ይህ መጽሐፍ ሠላሳ ሁለት እጥፍ ነበረው። መርፌ ለራሷ ሕግ አወጣች፤ የእጥፉን ቃል ሁሉ ሳታውቅ እጥፉን አትሰፋም። ሳምንት አንድ እጥፍ። መርፌዋ ወረቀቱን በወጋች ቁጥር ከንፈሯ አንድ ቃል ይላል፣ ክሩ ሲሳብ ፍቺውን ይላል። የሦስት ቀን ሥራ አምስት ወር ፈጀ። እኔም አላቻኮልኳት፤ መምህሩ በየቅዳሜው "ሥራው ምን ደረሰ?" እያለ እየመጣ ሥራውን ትቶ እሷን ሲያይ አይቻለሁና። እንዲህ ያለ ቃል እኔ ሳስተምር እንኳ አላጋጠመኝም ይላታል፤ እሷ ትስቅና የታተመውን ቃል ብቻ ታሳየዋለች። ደብዳቤ እየጻፈም በእጥፎቹ መሃል ትቶላት ይሄዳል። አንዱን ብቻ አሳይታኛለች፤ "ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ያለውን ቀን ማን እንደፈጠረው አላውቅም" ይላል። ስንቱን መጽሐፍ ጠርዤ እንዲህ ያለ ነገር በውስጡ ማለፉን አለማወቄ ገረመኝ።

የእናትየው ጽሑፍ ሃያ አንደኛው እጥፍ ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ዳሩ ባዶ ነው፤ ሕመም የጣላቸው እዚያ ላይ ነበር።

እኛም ሃያ አንደኛው ላይ ስንደርስ የዳኛው እህት መጡ። መምህሩ "እቴቴ" የሚላቸው፣ ቤቱን የሚያስተዳድሩት እሳቸው ናቸው። ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። የዳኛ ቤትና የሙጫ ቤት በአንድ በር እንደማይገባ፣ መጽሐፉን በሦስት ቀን እንድትጨርስ፣ ከመምህሩ ጋር የያዘችውንም ነገር አብራ እንድትጨርስ ነግረዋት ሄዱ። መርፌ የቀሩትን አሥራ አንድ እጥፎች ቃላቸውን ሳታውቅ በሁለት ቀን ሰፋቻቸው። አላለቀሰችም። ክሩ ግን እጇ ላይ ደጋግሞ ሲበጠስ አይቻለሁ።

ባለፈው ያቆምነው እዚህ ነው።

በሦስተኛው ቀን መርፌ የሽፋን ጨርቅ ልትገዛ ወጣች። ተሰፍቶ ያለቀው መጽሐፍ ከፊቴ ነበር። ጠራዥ የተሰፋ መጽሐፍ ሲያይ እጁን ይበላዋል፤ ጠርዙን አስተካክሎ ካልቆረጠ ሥራው ያለቀ አይመስለውም። አርባ ዓመት የለመደ እጅ ደግሞ ባለቤቱን አያማክርም። ሐሳቤ ከእቴቴ ንግግር ጋር ነበር፤ እጄ ከሥራው ጋር። መጽሐፉን መቁረጫው ላይ አጋድሜ፣ ሁለት ጣት ስፋት ለክቼ፣ እጀታውን ተጫንኩ። ሽርክ አለ። ጠርዙ እንደ መስታወት ለሰለሰ። ደስ አለኝ እኮ፣ ልጆቼ። ቁርጥራጩን ጠርጌ፣ አሮጌ ወረቀት ለሚሰበስበው ሰውዬ ሰጥቼ ሸኘሁት።

መርፌ ስትገባ መጽሐፉን ብድግ አደረገች። አልጮኸችም። ጠርዙን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችና "አጎቴ፣ ዳሩ የት ሄደ?" አለችኝ።

ያኔ ገባኝ። ሮጠን ሰውዬውን የወረቀት ፋብሪካው በር ላይ ስንደርስበት ወረቀቱ ከከተማው ወረቀት ሁሉ ጋር ተፈጭቶ ነበር። አንዲት ቁራጭ ብቻ በጫማዬ ሥር ተለጥፋ ቀርታለች። ግማሽ ቃል ነበረባት፣ በእርሳስ። ቁራጯን ይዤ ደጃፋችን ላይ ተቀመጥኩ። የሰው እናት ሁለተኛ ጊዜ የሞተችው በእኔ እጅ መሰለኝ።

ቅዳሜ መምህሩ መጣ። አፌን ከፍቼ ልናገር ስል መርፌ ቀደመችኝ። "የቆረጥኩት እኔ ነኝ" አለች።

ለምን እንደዋሸች ኋላ ስጠይቃት፣ የሸመገለ ሰው በልጅ ፊት ሲንቀጠቀጥ ማየት አልፈለግሁም አለችኝ። ያን ጊዜ ግን ዝም አልኩ። በዕድሜዬ ካፈርኩባቸው ዝምታዎች ይህን የሚያህል የለም። መምህሩ ገጾቹን አንድ በአንድ ገለጠ። በግራው ገጽ የቃሉ መጀመሪያ ተቆርጧል፣ በቀኙ ገጽ መጨረሻው፤ ብዙው ላይ ምንም የለም። ቀና ብሎ አያት። እሷም አላጎነበሰችም። መጽሐፉን በዚያው በመጣበት ፎጣ ጠቅልሎ፣ እኔን እጅ ነሥቶ ወጣ። በሩን እንኳ ቀስ ብሎ ነው የዘጋው፤ ቢያላትመው ይሻለን ነበር።

ሰኞ ጠዋት በበሩ ሥር ደብዳቤ ገብቶ አገኘን። እንዲህ ይላል፦

"እቴቴ ያለችሽን ሰምቻለሁ፣ አፍሬበታለሁም። ተቆጥተሽ ከሆነ የእኔን ደብዳቤዎች መቅደድ ትችዪ ነበር፤ እነሱን ደግሜ እጽፋቸዋለሁ። እናቴ ግን ደግማ አትጽፍም።"

መርፌ ሁለት ጊዜ አነበበችው። አጣጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። እኔ ልሂድ፣ እውነቱን ልናገር ብዬ ኮቴን ሳነሣ እጄን ያዘችኝ። እውነቱ ብቻውን ምን ያደርጋል፣ የተቆረጠውን አይመልስ፤ እውነቱንና የተቆረጠውን ዳር አንድ ላይ ይዘን እንሄዳለን አለች። ከዚያ ባዶ ወረቀት አወረደች፣ እጥፍ እጥፍ አድርጋ አስተካከለች፣ ክሯን ሰም ቀባች።

"ደግማ ትጽፋለች" አለች።

ልጆቼ፣ ቀጥሎ ያየሁትን የምነግራችሁ እንዳየሁት ነው። ቃላቱ ጭንቅላቷ ውስጥ አልነበሩም። ባዶ እጇን ስትጠየቅ ግማሹን አታስታውስም። መርፌዋን ይዛ ወረቀቱን ስትወጋ ግን ቃሉ ከእጇ ላይ ተነሥቶ ይመጣል፤ ክሩን ስትስብ ፍቺው ተከትሎ ይመጣል፣ ከነስሕተቱ፣ ከነሥርዙ። አንድ ስፌት ትሰፋለች፣ ታስቀምጣለች፣ ትጽፋለች። እንደገና ትሰፋለች። እናትየው አንድ ቦታ "ድስቱ አረረብኝ፣ ነገ እቀጥላለሁ" ብለው ጽፈው ኖሮ እሱም ሳይቀር መጣ። ስምንት ቀን እንዲህ አደረገች። እኔ ውሃ አቀብላለሁ፣ እርሳስ አቀብላለሁ፣ አያለሁ። አርባ ዓመት መጽሐፍ ሰፍቻለሁ፤ መጽሐፍ መልሶ ሰው ውስጥ ሲሰፋ ያየሁት ያኔ ነው።

የመጨረሻው፣ ሃያ አንደኛው እጥፍ ላይ ስትደርስ አንዱን ፍቺ ጽፋ በመዳፏ ሸፈነችብኝ። ምነው ብላት፣ ይህ የእኔም አይደለም የእርስዎም አይደለም፣ ባለቤት አለው አለችኝ። ስድስት መቶ አርባ ሁለት ቃል ሆነ። ቁጥሩን ስሰማ ባርኔጣዬን አወለቅሁ፤ ለማን እንደሆነ ግን አላውቅም።

እሑድ ከቀትር በኋላ ዳኛው ቤት ሄድን። ዳኛው ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ በመስኮቱ አጠገብ፣ ጉልበታቸው ላይ ብርድ ልብስ ጣል አድርገው ተቀምጠዋል። እቴቴ ከኋላቸው ቆመዋል። መምህሩ የመጽሐፍ መደርደሪያውን ተደግፎ ወለሉን ያያል። የተቆረጠው መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

ተቀመጡ ሳልባል ተናገርኩ። መቁረጫውን የተጫነው የእኔ እጅ እንደሆነ፣ ልጅቷ እኔን ልትሸፍን እንደዋሸች፣ እኔም ፈርቼ ዝም እንዳልኩ። መምህሩ ቀና አለ፤ መርፌን አያት። እሷ ግን ዳኛውን ነበር የምታየው። የመምህሩ ፊት፣ ልጆቼ፣ ደብዳቤውን ከበሩ ሥር ጎትቶ ማውጣት የፈለገ ፊት ነበር።

መርፌ የሰፋችውን ደብተር በሁለት እጇ አቀረበች። የተቆረጠው ሁሉ እዚህ አለ፣ በራሳቸው ቃል ነው አለች።

እቴቴ ፈገግ አሉ። "ከልቧ አፍልቃ አለመጻፏን በምን እናውቃለን? ሟች መጥታ አትመሰክር" አሉ።

እውነት ነው፤ ማስረጃ አልነበረንም። ማንም ያን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አላነበበውም፣ ከእሷ በቀር። ዳኛው ደብተሩን ዘግተው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ደብተር እቤት ተቀምጦ ሊጻፍ ይችላል አሉ። ከዚያ የተቆረጠውን መጽሐፍ ከመሃል ከፈቱና አንድ ቃል አነበቡ፤ "ፐርሲቪር።"

መርፌ ቃሉን ፈለገች። ጣቶቿ ቀሚሷ ላይ ተንቀሳቀሱ፤ አልመጣላትም። ለካ ባዶ እጇን ናት። ጠራዥ ያለ መርፌ ከቤቱ አይወጣም፤ ከኮቴ እጥፋት ላይ ክር የገባላትን መዝዤ አቀበልኳት። እቴቴ ይህ ደግሞ ምን ጥንቆላ ነው አሉ። መርፌ የሻርፗን ዳር ይዛ አንዴ ወጋች፣ ክሩን ሳበች።

"መሰልቸትን እያወቁ አለመነሣት። ድስት እያረረ ገጽ መጨረስ።"

ዳኛው መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ መጽሐፉ ጎንበስ አሉ። ከዳሩ የተረፈችው "መሰልቸ" የምትል ነበረች። ሌላ ገለጡ። ሌላ አነበቡ። እሷም ሰፋች፣ መለሰች። እቴቴ የተረፈውን ፊደል አይቶ መሙላት ማንን ያቅታል አሉ፤ የተናገሩት ግን እንደ መጀመሪያው አልነበረም።

ዳኛው "ሂዩሚሊየት" የሚለው ላይ ደረሱ። መርፌ ክሩን ስባ ቆመች። አንዴ መምህሩን አየችው። "ልናገረው?" አለች። ዳኛው እንድትናገር በእጃቸው አመለከቱ።

"ማዋረድ። ባለቤቴ ለእንግዶቹ በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ነገራቸው፤ ሁሉም ሳቁ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ኋላ የተሳቀው በእኔ እንደሆነ ገባኝ። ያን ማታ፣ ከነገ ጀምሮ ይህን ቋንቋ እማራለሁ አልኩ።"

ዳኛው ገጹን በመዳፋቸው ሸፈኑት፤ ከፊት የተገለጠ ነገር የሚሸፍኑ ይመስል። ስንት ሰው ላይ ሲፈርዱ የኖሩ ሽማግሌ፣ አሁን ራሳቸው ቆመው የሚሰሙ መሰሉኝ። እቴቴ እጃቸውን ወንድማቸው ትከሻ ላይ አደረጉና፣ ይቺ ልጅ ሟችን ልታሰድብ ነው የመጣችው፣ በቃ ይብቃ አሉ።

ዳኛው አላቆሙም። ወደ መጨረሻው ገለጡ፤ ወደ ሃያ አንደኛው እጥፍ። ገጹ ላይ አንዲት የእርሳስ ጭረት እንኳ አልተረፈችም። ድምፃቸው ደክሞ ነበር።

"ማግናኒመስ" አሉ።

ያቺ በመዳፏ የሸፈነችብኝ ቃል እንደሆነች ከፊቷ ገባኝ። ቀስ ብላ ወጋች። ቀስ ብላ ሳበች።

"ሆደ ሰፊ። ማታ እርሳሴን እንደዶለዶመ ጠረጴዛው ላይ እተወዋለሁ፤ ጠዋት ተቀርጾ አገኘዋለሁ። ተደብቄ እንደምማር ያውቃል፤ እንደሚያውቅ እኔም አውቃለሁ። እሱ አይናገርም፣ እኔም አልጠይቅም። ስለዚያች ማታ ይቅርታ እየጠየቀኝ ነው። ይቅር ብዬዋለሁ፤ እርሳሱን ግን እንዳያቆም ብዬ አልነግረውም።"

እቴቴ የምን እርሳስ ነው አሉ። መምህሩም አባቱን አየ፤ እሱም አያውቅም። ከዚያ ቤት ማንም አያውቅም። ዳኛው ብቻ ነበሩ የሚያውቁት፤ እሳቸውም የሚስታቸውን ማወቅ ሳያውቁ አሥር ዓመት ሙሉ ቀርጸው፣ ሦስት ዓመት አዝነው ኖረዋል።

ሽማግሌው አላለቀሱም። ትንፋሻቸው ብቻ ረጅም መንገድ ሄዶ ተመለሰ። "ታውቅ ነበር" አሉ፤ ለማንም አልነበረም። ቆይተው ደግሞ፣ "ታውቅ ነበር ለካ።"

ያን ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ክፍሉ ውስጥ ስድስተኛ ሰው ነበር ብላችሁ አታምኑኝም። እኔ ግን አንገቴን ዞር አድርጌ በሩን አይቻለሁ።

መምህሩ መደርደሪያውን ለቆ መጣ። ከመርፌ ፊት ቆሞ የሚለው ጠፋው፤ ያ ሁሉ ቃል የሚያስተምር ሰው። በመጨረሻ ያለው ይህን ብቻ ነው፦ "ደብዳቤዬን መልሺልኝ።"

"አልመልስም" አለችው። "እሱም ተሰፍቷል።" ሳቅ ግን በዓይኗ ዳር አለፈ፤ እሱም አየው። ከዚያ ሁለቱም መተያየት አቃታቸው።

ዳኛው እህታቸውን የጠረጴዛውን መሳቢያ እንዲከፍቱ ጠየቋቸው። እቴቴ ቅር እያላቸው ከፈቱ። ውስጡ አንዲት ትንሽ ቢላና አንድ አጭር እርሳስ ነበር፤ ጫፉ እንደዶለዶመ፣ ከሦስት ዓመት በፊት እንደተተወ። ሽማግሌው ወሰዱት። ቀስ እያሉ መቅረጽ ጀመሩ። ልጃቸው ሊረዳቸው እጁን ሲዘረጋ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቅርፍቱ ብርድ ልብሱ ላይ ወደቀ፤ የእንጨቱ ሽታ እኔ እስካለሁበት መጣ። እቴቴም ጥቂት ቆመው፣ ከዚያ ወንበር ስበው ለመርፌ አቀረቡላት። ፊታቸውን አዙረው ነው ያቀረቡላት፤ ግን አቀረቡላት።

ዳኛው ከሃያ አንዱ ወዲያ ስንት እጥፍ እንደቀረ ጠየቁ። መርፌ አሥራ አንድ እንደቀረ፣ ቃሉን ሳታውቅ እንደሰፋችው፣ ዳሩም ባዶ እንደሆነ ነገረቻቸው።

መጽሐፉን ከፍተው ፊቷ አኖሩት። የተቀረጸውን እርሳስ መሃሉ ላይ አጋደሙት። ልጃቸው ከወንበሯ ጀርባ ቆሟል፤ እጁ የወንበሩን ጠርዝ ይዟል፣ ጣቶቹ ትከሻዋን አልነኩም፣ ግን ቅርብ ነበሩ።

"ጻፊ" አሏት። "ሲዶለዱም እዚሁ ጠረጴዛው ላይ ተዪው።"